የእማ ሞተር የነከሰ ሰሞን

ጥር 6

ሥራ እንደ ወትሮው። ሌንስ ስቆርጥ ዋልኩ። አንዱን አበላሸሁ… ጠርዙ ተሸረፈ። አንድ ሽማግሌ የተጣመመ መነጽር ይዘው መጡ። «ተቀምጠውበት ነው አይደል?» ብላቸው «እሱ ነው ወንበሬ ላይ የተቀመጠው» አሉኝ። አቃናሁላቸው። ሲወጡ በሩን ትተው መስኮቱን ሊከፍቱ ነበር።

ጠዋት ግን… እማ ሞተሯን ስታስነሳ ግቢው በጭስ ተሞላ። ሰማያዊ ጭስ። ጎረቤታችን ያሰጣችውን አንሶላ እየሰበሰበች «ኧረ እትዬ፣ አሁን ያጠብኩትን እኮ አጨሱብኝ» አለች። እማ ደግሞ «ትንኝ አይደርስበትም፣ አመስግኚኝ» ብላ ወጣች።

የት ነው የምትሄደው? ጡረታ የወጣች ፖስተኛ የት ትሄዳለች? «ወጣ ልበል» ነው መልሷ። ወጣ ትላለች፣ ከሰዓት ትመለሳለች፣ ጫማዋ አቧራ ለብሶ፣ ፊቷ ታጥቦ እንደመጣ ሰው።

ሞተሩ የመሥሪያ ቤቷ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ደብዳቤ አድላበት፣ እሷ ስትወጣ አብሯት ጡረታ ወጣ። «ሽማግሌው» ትለዋለች። እሷ ስድሳ ስድስት ዓመቷ፣ ሽማግሌው እሱ።

አምና አሸዋ ላይ ወድቃ የግራ እጇ አንጓ ውስጥ ብረት ከገባ ወዲህ፣ ሞተሩ ሲነሳ እኔም ከወንበሬ አብሬ እነሳለሁ። ዛሬ ከወጣች በኋላ ሥራ ሰዓት እስኪደርስ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞርኩት። መልሼ አዞርኩት። ምን ሆኛለሁ?

ጥር 9

ዛሬም አጨሰ። ድምፁም ተለውጧል… ብርጭቆ ውስጥ ማንኪያ እንደሚንቀጫቀጭ። ነገርኳት። «ዘይት ጠምቶት ነው፣ አጠጣዋለሁ» አለች።

ጥር 13

ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። የወንድ ድምፅ። «እናትሽ ናቸው ስልክሽን የሰጡኝ፣ አትደንግጪ።» አትደንግጪ የተባለ ሰው ምን ቢያደርግ ነው የሚሻለው?

አልወደቀችም። እግዜር ይመስገን፣ አልወደቀችም። ዳገቱ ላይ ሞተሩ ድንገት ቀጥ አለ። የኋላው ጎማ እምቢ እንዳለ አህያ ተገተረ። እማ ፍሪሲዮኑን ጨብጣ ጎማውን አላቀቀችው፣ ተንሸራታ ዳር ያዘች። አሸዋ የጫነ መኪና ሹፌር ነው የደረሰላት። ሞተሩን አሸዋው ላይ ጭኖ፣ እሷን ጋቢና አስቀምጦ ቤት አደረሳት። እየሮጥኩ ስደርስ ከሹፌሩ ጋር በር ላይ ቆማ ኦቾሎኒውን ትበላበታለች።

«ፍሪሲዮኑን ባልይዝ ኖሮ ገልብጦኝ ነበር» አለች፣ ስለ ጎረቤት እንደምታወራ።

ፍሪሲዮን በግራ እጅ ነው የሚያዘው። በግራ። ብረት ባለበት።

ራት ላይ እየሳቀች ደገመችልኝ። እኔ እህል አልወርድልሽ አለኝ።

ጥር 14

ጋራዥ ገፍተን ወሰድነው። እማ መሪውን፣ እኔ ከኋላ።

ባለ ጋራዡን ሁሉ ሰው «ጋሽ ነገ» ይለዋል። እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። ከእማ በቀር «ነገ ና» ሳይል ሰው ሸኝቶ ስለማያውቅ ነው። የማስነሻውን ፔዳል ረገጠ፣ አልነቃነቅ አለው። ሙሉ ኪሎውን ይዞ ቆመበት። አልወረደም።

«እትዬ፣ ነክሷል» አለ። ውስጥ ያለው ፒስተን ግሎ ግሎ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቋል ማለት ነው። «ይከፈታል፣ ሲሊንደሩ ይፋቃል፣ አዲስ ፒስተን ይገባል። ሰው ይሆናል፣ አያስቡ።»

«መቼ?»

«በሳምንት ይውሰዱት።»

እማ ትከሻዋ ወረደ። ከሐኪም ፊት ቆማ «ይድናል» የተባለች ነው የመሰለችው።

እኔስ? እኔ… በዚያው በቀረ ብዬ ተመኘሁ። ጻፍኩት እንግዲህ።

ጥር 15

ከሥራ ስወጣ ብቻዬን ጋራዥ ሄድኩ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ።

«ጋሼ፣ የእማን ሞተር አታስቸኩለው።»

«እንዴት ማለት?»

«ዕቃ ጠፋ በላት። አልመጣም በላት። ለሌላው ሰው እንደምትለው።»

በጨርቅ እጁን ጠረገ። የተጠረገውን መልሶ ጠረገ። «እስከ መቼ?»

«እስክትተወው።»

«ልጄ፣ እሷ የምትተው ሴት ናት?»

«እንግዲህ ስትወድቅ አንተ ታነሳታለህ።» ይቺን ስል ድምፄ ተሰበረ። አስቤበት አልነበረም… ወይስ ነበር? ብቻ ሠራ። ጭንቅላቱን እየነቀነቀ «እሺ ሂጂ» አለኝ።

ቤት ስገባ እማ ሩዝ ሠርታ ጠበቀችኝ። በላሁ። ጣፈጠኝ እንኳ።

ጥር 22

«ጋሽ ነገ ምን አለ?» አለችኝ። በዚያ በኩል ነው የማልፈው፣ ስለዚህ ወሬ አቀባይዋ እኔ ሆኛለሁ።

«ፒስተኑ ጠፋ አለ። የድሮ ሞዴል ስለሆነ።»

«ጠፋ?»

«እየፈለገ ነው።»

ሻይዋን አማሰለች። ከዚያ «ምስኪን፣ እንዴት ይለፋል» አለች። ስለ ጋሽ ነገ።

ጥር 25

ወንድሜ ደወለ። ከሩቅ ሆኖ ሁሉ ነገር ቀላል ነው። «ሞተሩን ሽጪው፣ ለቁርጥራጭ ብረት» አለ። «ለራሷ ንገራታ» አልኩት። «እኔማ ብነግራት ትሰድበኛለች» አለ። ሳቅን። ስልኩን ስዘጋ ግን ደስ አላለኝም።

የካቲት 1

እማ ተለውጣለች። ወይስ እኔ ነኝ አሁን ያየሁት?

ከሥራ ስመጣ የቤት ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ናት። ጠዋት ያየሁት ቀሚስ። ቁም ሣጥኑን ገልብጣ ብርድ ልብሶቹን አወጣች፣ አጣጠፈች፣ መልሳ አስገባች። በማግስቱ ደግሞ እንደገና። ቧንቧው ያንጠባጥባል ብላ ከቧንቧው ጋር ተጣላች። ከደጅ ሞተር ሲያልፍ ንግግሯን ታቋርጥና ድምፁ እስኪጠፋ ትጠብቃለች።

«አሞሻል?» አልኳት።

«ምን ያመኛል? ተቀምጬ።»

አንገቷን ቀና አድርጋ የምትሄድ ሴት ነበረች። አሁን ከማድ ቤት ሳሎን፣ ከሳሎን በር። በር ላይ ቆም ትላለች፣ ትመለሳለች። እኔም ከኋላዋ ስዞር አመሻለሁ፣ ሻይ ልጣድልሽ፣ ትራስ ልደግፍልሽ እያልኩ። ሁለታችንም ጎጆ እንደፈረሰባቸው ወፎች ነን።

ደህና ናት እኮ። አትወድቅም። የፈለግኩት ይሄንኑ አልነበር?

የካቲት 3

ጋሽ ነገ መንገድ ላይ ጠበቀኝ። «ነገ እመጣለሁ ብላለች፣ ምን ልበላት?»

«ነገ ይመጣል በላት።»

«ልጄ፣ እኔ ለሷ…» ብሎ ተወው። «ለሌላ ሰው ብዋሽ አይከብደኝም፣ ሥራዬ ነው» አለ። እየሳቀ አልነበረም።

የካቲት 5

ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

ሱቅ ውስጥ አንዲት ልጅ መነጽር እያስመረጥኩ እማ ገባች። በአውቶቡስ መጥታ ነው። የሱቁ ባለቤት ደንበኛ መስላው ብድግ አለ። «ምን ላሳይዎት እናቴ?»

«ልጄን» አለች።

መነጽሮቹ የሚደረደሩበት ከፋይ ጨርቅ ላይ በቅባት ወረቀት የተጠቀለለ ነገር አስቀመጠች። ፈታችው። አዲስ ፒስተን፣ የሚያብረቀርቅ። ደንበኛዬ ማየት ጀመረች፣ መነጽሩን ዓይኗ ላይ እንዳደረገች።

«ይሄ ጠፋ አላችሁኝ አይደል?»

«እማ…»

«መጀመሪያ የጠየቅኩት ሱቅ ነው የሰጠኝ። ሻጩ ስልኩን እያየ ከመደርደሪያ አወረደው፣ ቀና እንኳ አላለም።»

የያዝኩትን መነጽር መጥረግ ጀመርኩ። ባለቤቱ የሌለ ሥራ ፈልጎ ወደ ጓዳ ገባ።

«ትላንት ጋራዥ ሄጄ ‹ነገ ይመጣል እትዬ› አለኝ። ነገ! ይሄን ሁሉ ዓመት ለኔ ነገ ብሎ አያውቅም። አፉ ላይ አቀበት ሆነችበት። ዓይኑን መሬት ሲጥል አስተማሪው ማን እንደሆነ ገባኝ።»

«ፈርቼልሽ ነው።»

«እሱን አውቃለሁ። ፍሪ። እኔም እፈራለሁ። ግን አትሂጂ ማለት ካማረሽ አትሂጂ በዪኝ። እሰማሻለሁ። ሰምቼሽ እሄዳለሁ።»

ጠቀለለችው። ለልጅቷ «ሰፋ ያለው ያምርብሻል የኔ ልጅ» ብላት ወጣች።

ልጅቷ ሰፋ ያለውን ገዛች።

የካቲት 6

አላናገረችኝም። ሻይ አፈላች። አንድ ብርጭቆ።

የካቲት 7

ዛሬም። ቤቱ ውስጥ ሁለት ሴቶች፣ የሚሰማው የእግር ኮቴ ብቻ።

የካቲት 8

ከሥራ ስገባ ሽማግሌው በረንዳችን ላይ ቆሟል። በጋሪ አስጭና አምጥታዋለች። ከሥሩ አሮጌ ምንጣፍ፣ ከጎኑ ባሊ፣ ቁልፎች በየተራ።

«እዚሁ ዓይኔ ሥር ይሠራል» አለች። ከሦስት ቀን በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል። «ጋሽ ነገ ማታ ማታ ከሥራው ሲወጣ ይመጣል። አንቺ ደግሞ ትይዣለሽ።»

«ምን?»

«የተባልሽውን።»

የካቲት 9

ጋሽ ነገ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«አንተን ሰው ብዬ» አለችው እማ።

«እትዬ፣ ልጅዎት እኮ አለቀሰችብኝ።»

«አላለቀስኩም» አልኩ።

«ልታለቅሺ ነበር። ሴት ሲያለቅስ ደግሞ እኔ አልችልም፣ ቤቴም የሚያሸንፉኝ በዚህ ነው።»

እማ ከንፈሯን ነከሰች… ሳቅ ነበር። ከዚያ ካቻቢቴውን አቀበለችው። አለቀ። እሱን እንዲህ በቀላሉ ታረቀችው። እኔን ግን አምፖሉን ዝቅ አድርገሽ ያዢ ብቻ።

ክዳኑ ተነሳ። ጥቁር ነው ውስጡ፣ እንደ ከሰል ምድጃ። ዘይት አጠጡት፣ እንጨት ደግፈው ቀስ እያሉ መቱት… ቆይቶ ቆይቶ ለቀቀ። ጋሽ ነገ ጣቴን ይዞ ሲሊንደሩ ውስጥ አስገባው። ለስላሳ መሆን የነበረበት ግድግዳ ቦይ ቦይ ሠርቷል። ድመት የቧጨረው ይመስላል።

ያኔ እማ ፒስተኗን በኩራት አመጣች። ጋሽ ነገ ገልብጦ ቁጥሩን አየና ወደ ሰማይ አንጋጠጠ።

«ምነው?»

«እትዬ… ሲሊንደሩ ሲፋቅ ይሰፋል። ይሄ ይጠብበታል። አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ነው የሚገባው።»

ፒስተኗን መልሳ ጠቀለለች። እኔን አየችኝ፣ አንድ ቃል እንዳትናገሪ ዓይነት። አልተናገርኩም። ወደ ጓዳ ገብቼ ግን ትራስ ነክሼ ሳቅኩ። እሷም በረንዳ ላይ ስትስቅ ሰማኋት።

የካቲት 13

ሲሊንደሩ ሊፋቅ ቶርኖ ቤት ሄዷል። እማ ፒስተኑን በሚገባው ቁጥር ቀየረች። እኛ ዛሬ የቀረውን በላምባ ስናጥብ ዋልን፣ እረፍቴ ስለነበር። ቡሎን በቡሎን። ጥፍሬ ጠቆረ። ነገ ሰው ዓይን ላይ መነጽር የሚያደርግ ጣት።

ቁጭ ብዬ መዋል የማልችለው እኔ፣ ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ዝቅ ባለች ዱካ ላይ ነበርኩ። የገባኝ ስነሳ ነው፣ ጉልበቴ አልዘረጋ ሲል።

ጠየቅኳት። «እማ፣ የት ነው የምትሄጂው?»

«ወዴትም።»

«ሰው ነው? ንገሪኝ፣ አልቆጣም።»

«ሰው ቢሆን ምን ነበረበት!» ሳቀች። «ከከተማ ወጣ ብሎ ድልድዩን ስትሻገሪ ሻይ ቤት አለ። እቀመጣለሁ። ወንዙን አያለሁ። ሻይ እጠጣለሁ። እመለሳለሁ።»

«በቃ?»

«በቃ። ያን ሁሉ ዘመን የሰው ወሬ ተሸክሜ ስሄድ፣ የኔ የምለው ከአንድ በር እስከ ሌላው በር ያለውን መንገድ ነበር። እዚያ ላይ ማንም አይጠራኝም። የፖስታ ያለህ የለም፣ እማ የለም፣ እትዬ የለም። አሁንም እሱኑ ነው የምሄደው።»

አንድ ትልቅ ምስጢር ጠብቄ ነበር። የታመመ ወዳጅ፣ የመቃብር ቦታ፣ ምናምን። ሻይ!

ይሄ ለምን አናደደኝ?

የካቲት 14

ተጣላን። የለየለት ጠብ።

እኔ ነኝ የጀመርኩት። ለሻይ ብለሽ ልትሞቺብኝ ነው ወይ አልኳት። ሥራዬን እየሠራሁ ጆሮዬ ስልኬ ላይ ነው፣ በሰላም የዋልኩበት ቀን የለም፣ ቤቴን ትቼ የመጣሁት ላንቺ ብዬ ነው አልኩ። ሁሉንም አወጣሁት።

እጇን በጨርቅ ጠረገች። ተረጋግታ።

«ላንቺ ብዬ አትበዪ። የአንቺና የባልሽ ቤት ሲበተን ነው የመጣሽው። ደግ አደረግሽ፣ ቤትሽ ነው። እጄ የተሰበረው ግን ከዚያ በኋላ ነው። እኔን ልትጠብቂ አልመጣሽም… ልትደበቂ ነው የመጣሽው። ከዚያ መደበቂያው ሲያሳፍርሽ ጥበቃ አልሽው።»

ምን ዓይነት እናት እንዲህ ትላለች?

ወጣሁ። እግሬ ወዳደረሰኝ። በአትክልት ተራ፣ በትምህርት ቤቱ ዙሪያ፣ እንደገና በአትክልት ተራ። አንዲት ቲማቲም ሻጭ ሦስተኛ ጊዜ ሳልፍባት «ምን ጠፋብሽ?» አለችኝ። ምንም አልኳት።

ልክ ናት ወይ? የምትሞት መስሎኝ ነው የምፈራው፣ ወይስ እሷ ከሄደች እዚህ ቤት ውስጥ የምቆይበት ሰበብ ስለማይኖረኝ?

ስመለስ ሲሊንደሩ ከቶርኖ ቤት መጥቷል። ጠረጴዛው ላይ። ውስጡ መስታወት መስሏል። አጠገቡ ለኔ የተከደነ ራት።

የካቲት 17

ገጠምነው። ጋሽ ነገ፣ እማ፣ እኔ።

ፋሻ የሚሉት ነገር አለ፣ ፒስተኑን የሚያቅፉ ቀጫጭን የብረት ቀለበቶች። «እንደ ብስኩት ነው የሚሰበሩት» አለ ጋሽ ነገ፣ የኔን ጣቶች እያየ። «የልጅዎት ጣት ይሻላል።» ስለዚህ እኔ ቀለበቶቹን በጣቶቼ ጨምቄ ያዝኩ፣ እማ ደግሞ ሲሊንደሩን ከላይ ይዛ ቀስ እያለች ልታወርድ። አንዱ ገባ። ሁለተኛው…

እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ግራው። ሲሊንደሩ አዘነበለ፣ ጣቴ ላይ ወረደ። ጮኽኩ። ፋሻው ተረፈ፣ ጥፍሬ አልተረፈም።

ጣቴን በቀሚሴ ጠቀለልኩ። ጋሽ ነገ አየኝ። እኔም አየሁት። ያን ሁሉ ጊዜ ስጠብቃት የነበረችው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ መጣች… ይኸው፣ አላልኩሽም? ዋጥኳት። ለምን እንደዋጥኳት አላውቅም። ፊቷን ስላየሁት ይሆናል።

«አንተ ያዘው» አለችው። ግራ እጇን ኪሷ ከተተች።

ጨረስን። እሱ ሲያወርድ እኔ ስጨምቅ፣ ሸርተት ብሎ ገባ። ሲሄድ እማ በሩ ላይ አስቆመችው፤ እኔ ባሊውን እየደፋሁ ሰማሁ።

«ፍሪሲዮኑን ማለስለስ ይቻላል?»

«ገመዱን ልለውጥልዎት። እጀታውንም ረዘም ባለ። ትንሽ ኃይል ይበቃዋል።»

«አድርግልኝ። እጄ ድሮ የነበረው አይደለም።»

ለሱ ነበር የነገረችው። ግን ጮክ ብላ። እኔ እንድሰማ።

የካቲት 19

ተነሳ።

መጀመሪያ አልነሳ ብሎ ነበር። ጋሽ ነገ ረገጠ፣ ረገጠ፣ ላብ በላብ ሆነ። እማ «አረፍ በል» ብላ ጎንበስ አለች፣ የቤንዚኑን መክፈቻ አዞረችው። ተዘግቶ ነበር። ጋሽ ነገ «እኔ እናንተን እየፈተንኩ ነው» አለ።

ከዚያ አንድ እርግጫ። ትክ ትክ ትክ… ንጹሕ፣ ማንኪያ የለ፣ ብርጭቆ የለ። ትንሽ ነጭ ጭስ ወጣና ጠፋ። ጎረቤታችን በመስኮት ብቅ ብላ «በቃ? ይሄው ነው?» አለች፣ ጭሱ የቀረባት ይመስል።

እኔ ጣቴ በፋሻ ተጠቅልሎ (የሐኪም ፋሻ እንጂ የሞተር አይደለም) ቆሜ፣ ፊቴ ሳላዘው ፈገግ ብሏል። የምፈራው ነገር ሲነሳ እኮ ነው። በገዛ እጄ የገጠምኩት።

የካቲት 21

ዛሬ ወጣች። አዲስ የገባ ፒስተን እስኪላመድ በዝግታ ነው የሚነዳው፣ ስለዚህ ትዘገያለች ብዬ ራሴን አዘጋጀሁ። እረፍቴ ነበር፣ እርግማኔ።

ቤት ጠረግኩ። የተጠረገውን ጠረግኩ። ስልኬን ጓዳ ወስጄ አስቀመጥኩት፣ ሄጄ አየሁት። አልደወልኩም። አንዴ ደወልኩ፣ ዝግ ነው። በር ላይ ወጣሁ፣ ገባሁ፣ ወጣሁ። ከሰዓት ሆነ። የለችም። ሁልጊዜ የምትመጣበት ሰዓት አለፈ። የለችም። ጫማዬን አደረግኩ። የት ልሄድ?

መጣች። ቀስ ብላ፣ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ።

ልጮህባት አፌን ከፍቼ ነበር። ሄልሜቷን ሳታወልቅ ቀደመችኝ።

«ዳገቱ ጋ ስደርስ እጄ ደከመኝ። ቆምኩ። ጥላ ሥር ተቀመጥኩ፣ ብዙ ተቀመጥኩ። ሲሻለኝ ሄድኩ። ስመለስም እንደዚያው። ስልኬ ባትሪ ጨርሷል።»

ደረቅ አድርጋ ነገረችኝ፣ ሪፖርት እንደምታቀርብ።

«ለምን ነገርሽኝ? ዝም ብትዪ አላውቅም ነበር።»

«ዝም ብል ሁልጊዜ ዝም ያልኩ ይመስልሻላ። ደክሞኝ ከሆነ እነግርሻለሁ። የማልችልበት ቀን ሲመጣም እነግርሻለሁ። አንቺም ከንግዲህ ለጋራዥ ሳይሆን ለኔ ንገሪ።»

«እሺ» አልኩ። አቧራዋን አራገፍኩላት። ይቅርታ ሳልል ይቅርታ የተባባልን መሰለኝ።

የካቲት 27

ከምሳ ሰዓት ቀንሼ አንድ ክፍል አየሁ። ከሱቁ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ፣ ሦስተኛ ፎቅ። መስኮቱ የሌላ ሰው ግድግዳ ያያል። አከራይዋ «ብቻሽን ነሽ?» አለችኝ። አዎ ለማለት ጊዜ ወሰደብኝ።

መጋቢት 1

መከራየቴን ለእማ ነገርኳት። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። የሞተሩን ካንዴላ በብሩሽ እየጠረገች ነበር። መጥረጓን ቀጠለች። ጠርጋ ጠርጋ ልትጨርሰው ነው።

«መቼ?»

«በሚቀጥለው ሳምንት።»

«ጥሩ ነው።» ቆየት ብላ «ማታ ማታ ቤቱ ምን ይመስል እንደነበር ረስቼዋለሁ፣ አንቺ ሳትመጪ በፊት» አለች።

«ልቅር?»

«አላልኩም።» ካንዴላውን ወደ ብርሃን አንስታ አየችው። ዓይኗ እርጥብ ነው። «እንዳትቀሪ። ግን ትንሽ ልከፋ፣ መብቴ ነው።»

አብሬያት ተከፋሁ። ከዚያ ሩዝ ሠራን።

መጋቢት 15

አዲሱ ክፍል ውስጥ ሁለተኛው እረፍት ቀኔ።

ጠዋት በር ተንኳኳ። እማ። መንገዱ ጠባብ ሆኖባት ሞተሯን ታች ባለ ሱቁ ደጅ አቁማ በእግሯ ወጥታለች፣ ሦስቱንም ፎቅ። ትንፋሿ ተቆራርጧል። ግድግዳውን በጣቷ መታ መታ አደረገች፣ ቧንቧውን ከፈተች ዘጋች፣ መስኮቱን አየች። «ምን ያለ መስኮት ነው፣ ከግድግዳ ጋር ያፋጠጠ» አለች። ከዚያ «ግን ቀዝቃዛ ነው፣ ጥሩ ነው» አለች። ያለችኝ አንድ ወንበር ናት፣ እሷ ላይ ተቀመጠች።

ሻይ አፍልቼ ሰጠኋት። ስለ ጋሽ ነገ አወራችኝ… አንድ ደንበኛን «ሞተርህ ዛሬ ይወሰዳል» ቢለው ሰውዬው ደንግጦ ምን ሆነሃል ብሎ ግንባሩን ነካው አሉ። እያወራች ቃላቷ እየራቁ ሄዱ። ብርጭቆውን እንደያዘች እንቅልፍ ወሰዳት። ቀስ ብዬ ተቀበልኳት። ግራ እጇ ጉልበቷ ላይ ተዘርግቶ፣ ጠባሳው ወደ ላይ።

ለምሳ ምንም አልነበረኝም። እያየኋት ቁጭ ልበል? ትንሽ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ዘንቢሌን ይዤ ወጣሁ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ።

አትክልት ተራው የተለየ ነው እዚህ፣ ሻጮቹ ገና አያውቁኝም። ዞርኩ። ጎመን ገዛሁ፣ ሽንኩርት ገዛሁ። ከአንዲት ሻጭ ጋር ስለ ዝናብ አወራን።

ስመለስ ወንበሩ ባዶ። አንሶላዬን አንጥፋዋለች። ብርጭቆውን አጥባ ደፍታዋለች። አነሳሁት፣ ደርቋል። ከሄደች ቆይታለች ማለት ነው፤ ይሄኔ ቤት ደርሳ ጫማዋን አውልቃለች።

መንገድ ላይ በነበረችበት ሰዓት እኔ ሽንኩርት እየመረጥኩ ነበር።

ምሳዬን ሠራሁ። ወንበሯ ላይ ተቀምጬ በላሁ፣ እስከ መጨረሻው፣ ሳልነሳ።